ከባትሪ ቤት የሚወጣውን እርሳስ በከሰልና በሸክላ ማጣራት ይቻላል?

ጥያቄው የመጣው ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባትሪ ቤት ከከፈቱ ሦስት ወጣቶች ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «የደከሙ የመኪና ባትሪዎችን ከፍተን እናጥባለን፣ እንጠግናለን። እጣቢው በቦዩ አድርጎ ወደ ጅረቱ ይገባል፤ ጎረቤትም ማጉረምረም ጀምሯል። የከሰልና የሸክላ ኮምፖዚት (ተዋህዶ የተሠራ ቁስ) እርሳስንና ሌሎች ከባድ ብረቶችን 99 በመቶ ያስወግዳል የሚል ጥናት አንብበናል። ራሳችን ሠርተን በርሜል ውስጥ ሞልተን ውሃውን ብናሳልፍበት ይበቃል? በየስንት ጊዜው ይቀየራል? የወጣውን ውሃስ ለጎመን ማጠጫ ብናደርገው?»

ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ውሰዱ። ኮምፖዚቱ ይሠራል፤ እናንተ ልታስቀምጡት ባሰባችሁበት ቦታ ግን አይሠራም። ከባትሪ የወጣ ውሃ በቀጥታ ከሰልና ሸክላ ላይ ቢፈስ እርሳሱን እንደያዘ ያልፋል። ይህ ቁስ የመጨረሻው ወንፊት ነው፤ ከእሱ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ። ስለ ጎመኑ መልሴ አንድ ነው፦ አይሆንም።

ከውሃው ልጀምር። በደንብ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከክብደቱ 37 በመቶ ያህሉ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) የምታነቡት 1.28 የሚለው ቁጥር የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው። ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ ይወርዳል፤ ያም ሆኖ ጨርቅ ለመብሳት የሚበቃ አሲድ ይቀራል። እርሳሱ ደግሞ በሁለት መልክ ይመጣል። ጥቂቱ ሟሙቷል። አብዛኛው ግን ከሰሌዳዎቹ የረገፈ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ቡናማው እርሳስ ዳይኦክሳይድ፣ ነጣ ያለው እርሳስ ሰልፌት። እርሳስ ሰልፌት በንጹሕ ውሃ እንኳ በሊትር 40 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው፤ አሲዱ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ኬሚካል አይጠይቅም። እጣቢውን በፕላስቲክ በርሜል አጠራቅማችሁ ሳትነካኩት አሳድሩት። ጠዋት ከላይ ያለውን በቀስታ በጎማ ቅዱት። ከታች የተኛው ቡናማ አተላ በእጣቢው ውስጥ ያለውን እርሳስ አብዛኛውን ይዞ ታገኙታላችሁ።

አሁን ከሰሉና ሸክላው ለምን አሲድ ውስጥ እንደማይሠሩ ላስረዳ። ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ ውሃው ወደ ውስጡ ይገባል። እኛ የምናወራው ግን አድሶርፕሽን የሚባለውን ነው፤ የሚያዘው ነገር በቁሱ ገጽ ላይ ብቻ ይለጠፋል፤ በገጠር መንገድ ስትሄዱ ጋቢያችሁ ላይ እንደሚለጠፈው ጭጎጎት። ገጹ ላይ ያሉት መያዣ ቦታዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። የሠርግ ዳስ አስቡ። አግዳሚዎቹ የተቆጠሩ ናቸው፤ ቀድሞም በብዛትም የመጣ ይቀመጣል። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ፒኤች 1 በሆነ ውሃ ውስጥ እርሳሱ በሊትር 10 ሚሊግራም ቢሆን፣ ለአንድ የእርሳስ አዮን (ውሃ ውስጥ የሟሟ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ሁለት ሺህ ያህል የሃይድሮጂን አዮን አለ። አግዳሚውን የሞላው ሃይድሮጂን ነው፤ እርሳሱ ቆሞ ይቀርና በበሩ ይወጣል። ያነበባችሁት ጥናት ፒኤች 5 ወይም 6 ላይ የተሠራ መሆን አለበት፤ መለስ ብላችሁ የአሠራር ክፍሉን እዩት።

ስለዚህ አሲዱ መሰበር አለበት፤ ለዚህ ኖራ ይበቃል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 1.28 የሚያነብ አንድ ሊትር የባትሪ ፈሳሽ ውስጥ 470 ግራም ያህል አሲድ አለ። እሱን ለመስበር ወደ 360 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ፣ በውሃ የጠፋ ኖራ ያስፈልጋል፤ የገበያው ኖራ ንጹሕ ስላልሆነ ከዚያም ይበልጣል። የሚወጣው ደግሞ ከ800 ግራም በላይ እርሳስ የነካው ጀሶ ነው። በቀን አሥር ሊትር ብትሰብሩ በሳምንት የጀሶ ክምር ይኖራችኋል፤ ያንን ክምር የት ታደርሱታላችሁ? በዚህ ምክንያት አሲዱን ከእጣቢው ጋር አትቀላቅሉት። ባትሪውን ከመክፈታችሁ በፊት ፈሳሹን ምልክት ባለበት ጀሪካን አንጠፍጥፉት፤ ከረጋ በኋላ ለሌላ ባትሪ ሊያገለግል ይችላል፣ አለዚያም አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ይሰጣል። ወደ ማጣሪያው የሚሄደው የማጠቢያው ውሃ ብቻ ይሁን። ፒኤቹ 2 አካባቢ የሆነ እጣቢ በ100 ሊትር የሚፈልገው ኖራ ከ50 ግራም ብዙ አይርቅም፤ አንድ ትልቅ እፍኝ ማለት ነው። አንድ ሊትር አሲድ ሳታስቡት ከገባበት ግን ሒሳቡ በሰባት እጥፍ ይወጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። ኖራውን መጀመሪያ በውሃ በጥብጣችሁ እንደ ወተት አድርጉት፤ ከዚያ እያማሰላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩት፤ በየመሐሉ በፒኤች ወረቀት ለኩ። የምትፈልጉት 9 እስከ 9.5 ነው። ከ11 በላይ ካለፈ የዘቀጠው እርሳስ መልሶ ይሟሟል፤ «ኖራ ሲበዛ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ጉዳት ያመጣል። መነጽርና ጓንት አድርጉ። የተከማቸ አሲድ ማቅጠን ካስፈለጋችሁ ደግሞ አሲዱን ወደ ውሃው አፍስሱ፤ ውሃን ወደ አሲድ ያፈሰሰ ሰው ፊቱ ላይ ይፈላበታል። ካዘቀጣችሁ በኋላ እንደገና አሳድሩ፤ ከላይ ያለውን ቅዱና በታጠበ አሸዋ አሳልፉት። እስካሁን ኮምፖዚት አልነካንም፤ እርሳሱ ግን በአብዛኛው ወጥቷል። የቀረው በሊትር ከጥቂት አሥረኛ ሚሊግራም እስከ አንድ ሚሊግራም ቢሆን አይግረማችሁ።

ይህ ቀሪ ትንሽ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.01 ሚሊግራም ነው። የፍሳሽ ውሃ በመጠጥ ውሃ አይለካም፤ ነገር ግን «99 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ለመመዘን ይጠቅማል። 100 ሚሊግራም እርሳስ ካለበት ውሃ 99 በመቶው ቢወገድ አንድ ሚሊግራም ይቀራል፤ ይህም የመመሪያው መቶ እጥፍ ነው። በመቶኛ የሚናገር ጥናት ስታነቡ ሁልጊዜ «የቀረው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ኮምፖዚቱ እንምጣ። ሸክላ ብላችኋል። እኛ አገር ለዚህ የተፈጠረ የሚመስል አፈር አለ፦ የደምቢያ ሜዳ ዋልካ። በክረምት አብጦ ጫማ የሚያወልቀው፣ በበጋ ደግሞ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው ያ አፈር ስሜክታይት በሚባል የሸክላ ማዕድን የበለጸገ ነው። እንደ ቅጠል የተነባበሩት የማዕድኑ ሽፋኖች ኔጌቲቭ ሙል ስላላቸው ፖዘቲቭ ሙል ያለውን ብረት ይስባሉ። በወረቀት ላይ ሲሰላ አንድ ግራም ንጹሕ ስሜክታይት 100 ሚሊግራም ያህል እርሳስ ሊይዝ ይችላል። ያማረ ቁጥር ነው። እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ በዚህ ቁጥር ተታልያለሁ።

ችግሩ ኖራው ነው። በሊትር ግማሽ ግራም ኖራ ስትጨምሩ ውሃው በካልሲየም ይሞላል። እርሳሱ አንድ ሚሊግራም ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የእርሳስ ሙል ከአንድ ሺህ በላይ የካልሲየም ሙል ዳሱ በር ላይ ተሰልፏል። ሃይድሮጂኑን አስወጥተን ካልሲየሙን አስገባን ማለት ነው። ሸክላው እርሳስን ከካልሲየም አብልጦ ይወዳል፤ ይህን ያህል ግን አይወድም። ቤተ ሙከራ ውስጥ በዲስቲልድ ውሃና በእርሳስ ናይትሬት ብቻ ሲሞከር ይህ ፈጽሞ አይታይም። ብዙ ያማረ ኮምፖዚት ከወረቀት ወጥቶ ቦይ ዳር ሲደርስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ከሥጋ ቤት ጓሮ ይገኛል፤ አጥንት ነው። አጥንት በአብዛኛው ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል የካልሲየም ፎስፌት ማዕድን ነው። እርሳስ ሲደርስበት ከፎስፌቱ ጋር ተጣምሮ ፓይሮሞርፋይት የሚባል፣ በውሃ እጅግ የማይሟሟ ማዕድን ይሠራል። ይህ እንደ ጭጎጎቱ ላይ ላዩን መለጠፍ ብቻ ሳይሆን ድንጋይ መሆን ነው። ካልሲየሙም አያስቸግረውም፤ አጥንቱ ራሱ ካልሲየም ነውና። የአጥንት ከሰል ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ፍሎራይድን ከመጠጥ ውሃ ለማውጣት ተሠርቶበታል። እዚያ «ይጾማል ወይስ አይጾምም» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል፤ የእናንተን ውሃ ግን የሚጠጣ ስለሌለ ከዚህ ነፃ ናችሁ።

አዘገጃጀቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። አጥንቱን ቀቅላችሁ ሥጋውንና ስቡን ፋቁ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አስገቡና ክዳኑ ላይ ለጭሱ መውጫ በምስማር አንድ ቀዳዳ አበጁ፤ ከዚያ እንጨት አንድዱበት። አየር በብዛት ከገባ አጥንቱ ነጭ አመድ ይሆናል፤ ያንን አልፈልገውም። ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ገና አልበሰለም። ጥሩው ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ሲሸተት ምንም የማይሸት ነው። ይህን ከመኖሪያ ሰፈር ራቅ ብላችሁ ሥሩ፤ ያ ጎረቤት በውሃው ያጉረመረመ፣ በዚህ ጭስ ቀበሌ ይከሳችኋል።

ኮምፖዚት ማለት እያንዳንዱ ቁስ የየራሱን ሥራ ይዞ አንድ ላይ ሲቆም ነው። አጥንቱ እርሳሱን ይይዛል። ተራው የእንጨት ከሰል ቀዳዳ ይሰጣል፤ ከጋራዥ የማይጠፋውን ዘይትም ይይዛል። ሸክላው ደግሞ ያያይዛል። ለመነሻ ያህል በክብደት ሁለት እጅ የተፈጨ የአጥንት ከሰል፣ አንድ እጅ የከሰል ዱቄት፣ አንድ እጅ ሸክላ ውሰዱ፤ በውሃ ለውሳችሁ በሽምብራ መጠን አድበልብሉት፤ ጥላ ውስጥ አድርቁትና እንደገና በተከደነ ጣሳ ተኩሱት። በጨለማ ሲታይ ፈዛዛ ቀይ ሲመስል 500 ዲግሪ ሴልሺየስን አልፏል፤ ከዚያ ብዙ አታስኪዱት፤ ዋልካው ከመጠን በላይ ሲጋል መያዣ ቦታዎቹን ያጣል። ዋልካ ለብቻው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ከሸክላ ሠሪ አፈር ጋር ቀላቅሉት። ለዚህ ምክር ከፈለጋችሁ ከከተማው በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ወለቃ ድረስ ሂዱና ሸክላ ሠሪዎቹን ጠይቁ። የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ላይ ስንት አሸዋ እንደሚገባ በጣታቸው ዳብሰው ይነግሯችኋል። እኔ ከመጻሕፍት ካገኘሁት ይልቅ እዚያ ቆሜ ካየሁት የተማርኩት ይበልጣል።

መተኮሱን አትዝለሉት። አንድ ጊዜ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያልተተኮሰ የሸክላና የከሰል እንክብል በርሜል ሙሉ አዘጋጅተን ውሃ ለቀቅንበት። ሁለት ቀን ጥሩ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከሥር የሚወጣው ውሃ ጥቁር ቡና መሰለ። ናሙናው ሲለካ የወጣው እርሳስ ከገባው ይበልጥ ነበር። እንክብሉ ጭቃ ሆኖ ሲፈርስ በሁለት ቀን የያዘውን እርሳስ ይዞ ወጥቷል። ያን ቀን ሥራውን ያዘዘን ሰው ፊት የቆምኩበት ሁኔታ እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ቀላል ነው፦ አሥር እንክብል ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከትቼ አሳድራለሁ፣ ጠዋት ወዘወዝ አደርገዋለሁ። ውሃው ከደፈረሰ ወደ እሳት ይመለሳል።

በጥናቶች የምታዩት ማግኔት የሚስበው ኮምፖዚት፣ ማለትም ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) የተቀባ ባዮቻር (ከዕፅዋት የተሠራ ከሰል)፣ ቆንጆ ነገር ነው፤ ዱቄቱን ከውሃ በማግኔት መልቀም ለተማሪ ያመቻል። እናንተ ግን በርሜል ውስጥ የሚቀመጥ እንክብል ስላላችሁ መልቀም አያስፈልጋችሁም። ብርቱ አሲድ ሲነካውም ብረቱ ራሱ ይሟሟል። እለፉት።

በርሜሉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ የሌላውን ውሃ የሚቀበል። በእያንዳንዱ 10 ሊትር እንክብል ቢኖርና ውሃው በሰዓት 20 ሊትር ቢፈስ፣ በየበርሜሉ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ለዚህ ሥራ ደህና ጊዜ ነው። ውሃው ከታች ገብቶ ወደ ላይ ቢወጣ ይመረጣል፤ አቋራጭ መንገድ አያገኝም። ናሙና የሚወሰደው ከሁለቱ መሐል ነው። ከመጀመሪያው በርሜል እርሳስ መውጣት ሲጀምር ሁለተኛው ገና ይጠብቃችኋል፤ የመጀመሪያውን ባዶ አድርጋችሁ በአዲስ ትሞሉና ቦታ ታለዋውጧቸዋላችሁ።

«በየስንት ጊዜው» ለሚለው እንግዲህ ቁጥር ላቅርብ፤ ግን ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እዩ። የምርምር ጽሑፎች በግራም 200 ሚሊግራም ይይዛል የሚሉት ውሃው በእርሳስ ሲጥለቀለቅ ነው። የእናንተ ውሃ ኖራውን ካለፈ በኋላ ቀጭን ነው። ኬሚስቱ ላንግሚየር እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው ቀመር ብናሰላ፣ ከፍተኛ አቅሙ 200 የሆነ፣ ግን ለእርሳስ ያለው ፍቅር ደካማ የሆነ ቁስ (የፍቅሩን ጥንካሬ የሚገልጸው የቀመሩ ቋሚ ቁጥር 0.01 ቢሆን) ግማሽ ሚሊግራም በቀረበት ውሃ ውስጥ የሚይዘው በግራም አንድ ሚሊግራም ብቻ ነው። ከፍተኛ አቅሙ 40 የሆነ፣ ግን አጥብቆ የሚይዝ (ቋሚው 1 የሆነ) ሌላ ቁስ ደግሞ በዚያው ውሃ 13 ሚሊግራም ይይዛል። ትልቁን ቁጥር ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይገዛል። ስለዚህ በራሳችሁ ውሃ ሞክሩት፦ ኖራውን ካለፈው ውሃ አንድ ሊትር፣ ከተፈጨው እንክብል 0.2 ግራም፣ አንድ ቀን እየነቀነቃችሁ። መጀመሪያ በሊትር ከነበረው እርሳስ የቀረው ተቀንሶ፣ በውሃው ሊትር ተባዝቶ ለእንክብሉ ግራም ሲካፈል አቅሙን ይሰጣችኋል። በግራም ሁለት ሚሊግራም ቢወጣ እንበል፤ የአንድ በርሜል እንክብል 7 ኪሎ ቢመዝን 14 ግራም እርሳስ ይይዛል፤ በሊትር አንድ ሚሊግራም ያለበት ውሃ ከሆነ 14,000 ሊትር ማለት ነው፤ በቀን 100 ሊትር ብታጥቡ 140 ቀን። ይህ ስሌት የሚነግራችሁ ናሙና ቶሎ ቶሎ መውሰድ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያስፈልግ ነው፤ የመለወጫውን ቀን የሚወስነው ልኬቱ ነው።

ልኬቱን በዓይን አታድርጉት፤ እርሳስ ቀለም የለውም። አቶሚክ አብሶርፕሽን የሚባል፣ የብረትን መጠን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ፈልጉ። የእሳት ነበልባሉ ዓይነት ከ0.1 ሚሊግራም በታች ሲሆን አይታመንም፤ ግራፋይት ፈርነስ የሚባለው፣ ከዚያ ያነሰውንም የሚለካው ዓይነት ከተገኘ እሱ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ውሰዱ፤ አንዱ በማጣሪያ ወረቀት ያለፈ፣ አንዱ ያላለፈ፤ ሁለቱም በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች የተደረገ። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ችግራችሁ ኮምፖዚቱ ጋ አይደለም፤ አሸዋው ዱቄት እያሳለፈ ነው።

አሁን ማንም የማይጠይቀኝን ልንገራችሁ። እርሳሱ አልጠፋም፤ ከውሃው ወጥቶ አተላውና እንክብሉ ውስጥ ተቀምጧል። ያገለገለ እንክብል ከሰል ስለሚመስል ሰው አንስቶ ቢያነድደው እርሳሱ በጭስ ቤት ይገባል። አትክልት ቦታ አትበትኑት፤ አጥንት ማዳበሪያ ነው ብሎ የሚወስድም አይጠፋም። ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል አስቀምጡት፤ ላዩ ላይ በትልቁ «እርሳስ አለበት» ብላችሁ ጻፉበት፤ ቁልፉም አንዳችሁ ዘንድ ይሁን። ከኖራው በፊት የረጋው ቡናማ አተላ በአብዛኛው እርሳስ ስለሆነ ከአሮጌ ሰሌዳዎች ጋር ለሚያቀልጡ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ሊሄድ ይችላል። ለቀሪው የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይመለከቷችኋል። እነሱ ሳይመጡባችሁ እናንተ ብትሄዱ ይሻላል። እንክብሉን በአሲድ አጥቦ መልሶ መጠቀምን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ለሦስት ሰው ሱቅ አያዋጣም፤ የተከማቸ የእርሳስ አሲድ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ጎመኑ ለምን አይሆንም? ማጣሪያችሁ በሚሰንፍበት ቀን የምታውቁት ከልኬቱ በኋላ ነው፤ ጎመኑ ግን በዚያ ቀን ጠጥቷል። እርሳስ አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ አይታጠብም፤ ዓመት ከዓመት ይከማቻል። አንገረብ፣ ቀሃና ሽንታ ሁሉም ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ወደ ጣና ነው የሚወርዱት፤ በዳርቻቸው ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ሰው አለ። የእናንተን ውሃ የሚጠብቀው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጠየቃችሁኝም በላይ ያሳስበኛል። ወደ ሰውነታችሁ የሚገባው እርሳስ ከቦዩ ይልቅ በእጃችሁና በልብሳችሁ ነው የሚመጣው። የምንበላው በእጃችን ነው፤ ምሳ ሰዓት እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማውጣት መታጠብ አይደለም፤ ጥፍር ሥር ድረስ በሳሙና ይፈተግ። ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፣ አርጥባችሁ አንሱት። የሥራ ልብሱ ሱቁ ይቅር፣ እዚያው ይታጠብ፣ እጣቢውም ወደዚያው በርሜል ይግባ። ቤታችሁ የሚድህ ልጅ ካለ ያንን ቱታ ይዛችሁ አትግቡ፤ ለልጅ ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አልተገኘም።

ነገ ጠዋት ስትከፍቱ አሲዱን ለብቻው ማጠራቀም ጀምሩ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጀሪካንና አንድ የፕላስቲክ ማጥለያ ነው። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ስንት ሊትር እንዳጠባችሁና የእጣቢውን ፒኤች ደብተር ላይ ጻፉ። ሰባቱን ቁጥሮች ከላካችሁልኝ የኖራውንና የበርሜሉን ልክ አብረን እንቆርጣለን።